ባክቴሪያ በላው ሲባል መርዙ የት ሄደ?

እ.ኤ.አ. በ1865 ጆሴፍ ሊስተር የተባለ የቀዶ ጥገና ሐኪም ጋር ጋሪ እግሩን የሰበረው የ11 ዓመት ልጅ መጣ። አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ወጥቷል። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ቁስል ይመረቅዝና ወይ እግር ያስቆርጣል፣ ወይ ይገድላል። ሊስተር ቁስሉን ካርቦሊክ አሲድ በተነከረ ጨርቅ ሸፈነው። ልጁ ድኖ ሄደ። ካርቦሊክ አሲድም ስመ ጥር የጀርም መግደያ ሆነ።

ዛሬ ይህን ኬሚካል ፌኖል እንለዋለን። ከነዳጅ ማጣሪያዎችና ሙጫና ፕላስቲክ ከሚሠሩ ፋብሪካዎች በሚወጣ ፍሳሽ ውስጥ ይገኛል። ይህን ፍሳሽ ለማጽዳት ብዙ ጊዜ ማን እንደሚጠራ ታውቃላችሁ? ባክቴሪያ። የጀርም መግደያውን ጀርም ይበላዋል።

ቀልድ ይመስላል፤ ግን በየቀኑ የሚሠራበት ነገር ነው። «መርዝ የሚበላ ባክቴሪያ ተገኘ» የሚል ዜናም በየጊዜው ይወጣል። ዜናው አብዛኛውን ጊዜ «በላው» ላይ ያበቃል። እኔን የሚከነክነኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በላው፣ እሺ። ከዚያስ የት ሄደ?

አፍ የሌለው ነገር እንዴት ይበላል?

ባክቴሪያ አንድ ሕዋስ ብቻ ያለው ፍጡር ነው። የብዙዎቹ ቁመት የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ገደማ ነው። ሺህ ያህሉን ጫፍ ለጫፍ ብትደረድሯቸው አንድ ሚሊሜትር ቢሞሉ ነው። አፍ የላቸውም፣ ሆድም የላቸውም። ያላቸው ኢንዛይም ነው።

ኢንዛይም ሕዋሱ ራሱ የሚሠራው ፕሮቲን ነው። ሥራው አንድን ሞለኪውል መቁረጥ ወይም መለወጥ ነው። ቁልፍና ጓጉንቸር አስቡ። እያንዳንዱ ቁልፍ የሚከፍተው የራሱን ጓጉንቸር ነው። ስኳር የሚሰባብር ኢንዛይም ፌኖል ላይ ምንም አያደርግም።

ፌኖልን እንመልከት። ስድስት የካርቦን አቶሞች እጅ ለእጅ ተያይዘው ቀለበት ሠርተዋል። ቀለበቱ ጠንካራ ነው። ባክቴሪያው መጀመሪያ ኦክስጅን ይለጥፍበታል። በዚያ በኩል ቀለበቱ ይላላል፤ ሌላ ኢንዛይም ይመጣና ይበጥሰዋል። የተዘረጋው ቁራጭ ከዚያ በኋላ ከተራ ምግብ ብዙም አይለይም። ሕዋሱ ስኳርን በሚያቃጥልበት መንገድ ያቃጥለዋል።

ኦክስጅን ባለበት ከተቃጠለ፣ ግማሽ ገደማው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ሆኖ ይወጣል። የቀረው የባክቴሪያው ገላ ይሆናል። ሕዋሱ ያድጋል፣ ለሁለት ይከፈላል። እኛም የምንበላውን የምናደርገው ይህንኑ ነው።

እንግዲህ «የት ሄደ?» ለሚለው ግማሽ መልስ አገኘን። ከፊሉ አየር ላይ፣ ከፊሉ ገላ ውስጥ። ይህ ግን ሥራው እስከ መጨረሻው ሲሄድ ነው። መሃል ላይ ከቆመ ሦስተኛ ቦታ አለ፤ ውሃው ውስጥ ሌላ ስም ይዞ ይቀመጣል። ወደዚህኛው እንመለሳለን፤ የዚህ ጽሑፍ ጣጣ ያለው እዚያ ነው።

መርዙ ለምን አይገድላቸውም?

መጠኑ ከበዛ ይገድላቸዋል። ሊስተር ቁስል ላይ ያደረገው ፌኖል ጠንካራ ነበር። ፍሳሽ ውስጥ ያለው ግን ብዙ ጊዜ ቀጭን ነው፣ ካልሆነም በሌላ ውሃ እንዲቀጥን ይደረጋል። በትንሽ መጠን የመጣ መርዝ ቁልፉ ላለው ባክቴሪያ ቀለብ ነው።

ያም ሆኖ በመጀመሪያው ሰሞን ብዙዎቹ ያልቃሉ። ቁልፉ ያላቸው ጥቂቶች ይተርፋሉ፣ ይራባሉ። ሲመቻቸው በግማሽ ሰዓት ውስጥ እጥፍ የሚሆኑ ዝርያዎች አሉ። ከሳምንታት በኋላ ፍሳሹ የሚጠራቀምበት ኩሬ በእነሱ ልጆች ይሞላል። የፍሳሽ ባለሙያዎች ይህን «ማላመድ» ይሉታል። የለመደ ኩሬ ትናንት የገደለውን ነገር ዛሬ ይበላል።

ሌላም የሚገርም ነገር ያደርጋሉ። ቁልፍ ይዋዋሳሉ። ብዙ ባክቴሪያዎች ከዋናው ዘረመላቸው ውጭ ፕላዝሚድ የሚባል ትንሽ ክብ ዘረመል አላቸው። እሱን ለጎረቤት ቀድተው ይሰጣሉ፤ ጎረቤትየው ዘመድ ባይሆንም። የሙያ ደብተር እንደማዋስ ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ አትራዚን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተሸጠ ፀረ-አረም ነው። በተፈጥሮ የሌለ፣ በቤተ ሙከራ የተፈጠረ ነገር። መጀመሪያ ላይ አፈር ውስጥ ገብቶ በቀላሉ አልበሰብስ ብሎ አስቸገረ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ግን ተመራማሪዎች አትራዚን በብዛት ከፈሰሰበት አፈር ውስጥ አንድ ባክቴሪያ አወጡ፤ የአትራዚኑን ናይትሮጅን እየበላ የሚኖር። በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ተፈጥሮ ቁልፉን ቀረጸችለት ማለት ነው። ቁልፎቹም ፕላዝሚድ ላይ ተገኙ።

ኩሬ ውስጥ አንድ ዝርያ ብቻውን ሁሉን ነገር የሚጨርስበት ጊዜ ብዙ አይደለም። አንዱ ይቆርጣል፣ ሌላው ቁራጩን ያነሳል፣ ሦስተኛው የሁለተኛውን ትራፊ ይጠርጋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው እዚህ ላይ ይሠራል።

ኩሬው ውስጥ ምን ይደረጋል?

ከላይ ሲያዩት ዝም ያለ ውሃ ነው። ውስጡ ግን ፎቅና ምድር ቤት አለው።

ምድር ቤቱ አየር የለውም። እዚያ የሚኖሩት ያለ ኦክስጅን የሚሠሩት ናቸው። ወደ ታች የሰመጠውን ቆሻሻ እያብላሉ ሜቴን ያወጣሉ፤ ባዮጋዝ የምንለው ጋዝ ዋና ክፍል። ሰነፎች አይደሉም፣ ግን ቀርፋፎች ናቸው። አንድ ጥቅም አላቸው፦ ከሚበሉት ወደ ገላነት የሚለውጡት ትንሽ ብቻ ስለሆነ ዝቃጫቸው ያንሳል።

ፎቁ ላይ ፀሐይ አለ፣ አልጌም አለ፤ ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው ጥቃቅን ፍጡር። አልጌው በብርሃን ኦክስጅን ይሠራል። ባክቴሪያው ያንን ተንፍሶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይመልሳል፤ አልጌው ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ይፈልገዋል። ገንዘብ የሌለበት ንግድ። ሌሊት ሲመጣ ግን አልጌውም ራሱ ኦክስጅን ተንፋሽ ይሆናል። ስለዚህ የኩሬው ኦክስጅን ከሰዓት በኋላ ይሞላል፣ ጎህ ሲቀድ ይሟጠጣል። የኩሬን ጤና መለካት የፈለገ ሰው በቀትር ብቻ ቢለካ ራሱን ያታልላል።

ብዙ ቦታ ኩሬዎቹ በተርታ ይሠራሉ። መጀመሪያ ከ2 እስከ 5 ሜትር የሚጠልቅ፣ አየር አልባ ኩሬ። ቀጥሎ ከ1 እስከ 2 ሜትር የሚሆን፣ ፎቅም ምድር ቤትም ያለው። በመጨረሻ አንድ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ፀሐይ እስከ ታች የሚደርስበት ኩሬ። ውሃው ይህን ሁሉ ለማለፍ ሳምንታት ይፈጅበታል።

ሳምንታት የሚፈጀው ለምንድን ነው? አንዱ ምክንያት ኦክስጅን ነው። አየር ውስጥ 21 በመቶው ኦክስጅን ነው። 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ አንድ ሊትር ንጹህ ውሃ ውስጥ ግን የሚሟሟው 9 ሚሊግራም ገደማ ብቻ ነው። ውሃው 30 ዲግሪ ከሞቀ ወደ 7.5 ይወርዳል። ሙቀት ባክቴሪያውን ያፈጥነዋል፣ ትንፋሹን ግን ይቀንስበታል። ከቤት የሚወጣ ተራ ፍሳሽን ባክቴሪያ ለማጽዳት ደግሞ በአንድ ሊትር ከ200 እስከ 300 ሚሊግራም ኦክስጅን ሊፈልግ ይችላል። ሂሳቡ አይገጥምም። ኦክስጅኑ ከሃያ ጊዜ በላይ ተሟጥጦ ከሃያ ጊዜ በላይ መተካት አለበት።

ይህ «ምን ያህል ኦክስጅን ይፈልጋል?» የሚለው ልኬት ቢኦዲ ይባላል። ናሙናው 20 ዲግሪ ላይ ለ5 ቀን ይቀመጥና ባክቴሪያዎቹ ስንት ኦክስጅን እንደጨረሱ ይለካል። የፍሳሽ ሰዎች ከአፋቸው የማይለዩት ቃል ነው። ቁጥሩ ትልቅ ከሆነ ውሃው ብዙ የሚበላ ነገር ይዟል ማለት ነው። ወንዝ ውስጥ ቢለቀቅ የወንዙ ባክቴሪያዎች ይረባረቡበትና ኦክስጅኑን ይጨርሱታል። ዓሣው የሚሞተው ብዙ ጊዜ በመርዝ ሳይሆን ታፍኖ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1914 ኤድዋርድ አርደርንና ዊሊያም ሎኬት የተባሉ ሁለት ሰዎች ማንችስተር ውስጥ ያደረጉት ሙከራ ይህን ችግር ፈታ። ፍሳሽ ውስጥ አየር ነፉ። ሌሎችም ከዚያ በፊት ሞክረውት ነበር። እነሱ የጨመሩት ነገር ቀላል ነው፦ ታች የሚዘቅጠውን ቡናማ ጭቃ አልጣሉትም። ለሚቀጥለው ፍሳሽ አስቀሩት። ጭቃው ለካ የለመዱ ባክቴሪያዎች ክምር ነበር። በየጊዜው ሲያስቀሩት ሳምንታት ይፈጅ የነበረው ሥራ ወደ ሰዓታት ወረደ። ዛሬ በየከተማው ያሉ ትላልቅ ማጣሪያዎች በአብዛኛው የሚሠሩት በዚህ መንገድ ነው። እርሾን ከማስቀረት በምን ይለያል?

ኩሬ ደግሞ በቀለሙ ይናገራል። አረንጓዴ ከሆነ አልጌው በሕይወት አለ፣ ደህና ነው። ሐምራዊ ወይም ቀይ ካለ ብዙ ጊዜ ከአቅሙ በላይ ተጭኗል፤ ሰልፈር የሚወዱ ባክቴሪያዎች ወጥተው ነው። ግራጫና ጥቁር ሆኖ የበሰበሰ እንቁላል ከሸተተ ኦክስጅን አልቆበታል። የሚሸተው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው። እሱ ሽታ ብቻ አይደለም፣ ሰው ይገድላል። በተለይ በተዘጋ ጉድጓድ ውስጥ መጠኑ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል። ሽታው ጠፋ ብሎ መግባት እዚህ ላይ ነፍስ ያስከፍላል።

በፓኬት የሚሸጠው ባክቴሪያስ ይሠራል?

ባክቴሪያው ያለበትን ዱቄት አምጥቶ ኩሬ ውስጥ መበተን ማራኪ ሐሳብ ነው። እኔ በበኩሌ እጠራጠራለሁ። ምክንያት አለኝ።

አናንዳ ቻክራባርቲ የተባለ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተለያዩ ፕላዝሚዶችን አንድ ባክቴሪያ ውስጥ ሰብስቦ ድፍድፍ ነዳጅ የሚበላ ዝርያ ሠራ። የፈጠራ መብት ይሰጠው አይሰጠው የሚለው ክርክር እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። እ.ኤ.አ. በ1980 በ5 ለ4 ድምፅ ረታ። ሕይወት ላለው ነገር የፈጠራ መብት እንዲሰጥ መንገድ የከፈተ ታላቅ ውሳኔ ነው። ባክቴሪያው ግን ሜዳ ላይ ወጥቶ ነዳጅ አላጸዳም።

እ.ኤ.አ. በ1989 ኤክሰን ቫልዴዝ የተባለችው መርከብ አላስካ ላይ ነዳጅ ስታፈስ፣ ዳርቻው ላይ በሰፊው የተረጨው ማዳበሪያ ነበር። ነዳጅ የሚበሉ ባክቴሪያዎች እዚያው ነበሩ። ያጡት ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው። ነዳጅ ካርቦን ብቻ ነው ማለት ይቻላል፤ ገላ ደግሞ በካርቦን ብቻ አይሠራም።

ፍሳሽ ላይም እንዲሁ ነው። ባለሙያዎች የሚይዙት ግምታዊ ሂሳብ 100 ለ5 ለ1 ነው። ለ100 እጅ የሚበላ ነገር 5 እጅ ናይትሮጅን፣ 1 እጅ ፎስፈረስ። የፋብሪካ ፍሳሽ ብዙ ጊዜ አንዱ ይጎድለዋል። ያኔ የፈለጉትን ያህል ዱቄት ቢበትኑ ከንቱ ነው። እንግዳው ባክቴሪያ ቦታውን አይለምድም፣ ነባሮቹ ይሻሙታል፣ ባክቴሪያ እየበሉ የሚኖሩ ሌሎች ጥቃቅን ፍጡሮችም ለቁርስ ያደርጉታል።

ሁልጊዜ ግን ከንቱ አይደለም። አዲስ ማጣሪያ ሲከፈት ከሌላ ማጣሪያ የለመደ ዝቃጭ በቦቴ ይመጣለታል። ቁልፉ ያላቸው ዝርያዎች በጣም ጥቂት ለሆኑበት ኬሚካልም ከውጭ ማምጣት ያዋጣል። አንዱን አሁን እናገኘዋለን።

ቀለሙ ከጠፋ ጸድቷል ማለት ነው?

ወደ ሦስተኛው ቦታ ተመለስን።

ጨርቃ ጨርቅ ማቅለሚያዎች ውስጥ ትልቁ ቡድን አዞ (azo) የሚባለው ነው። ቀለሙን የሚሰጠው ሁለት ናይትሮጅኖች የተያያዙበት ድልድይ ነው። አየር አልባ ኩሬ ውስጥ ባክቴሪያዎች ድልድዩን ይሰብሩታል። ቀዩ ውሃ ጥርት ይላል። ፎቶ ይነሳል፣ ሪፖርት ይጻፋል። ውሃው ውስጥ የቀሩት ግን የድልድዩ ሁለት ዳርቻዎች ናቸው፤ አሮማቲክ አሚን ይባላሉ። ቀለም የላቸውም። ከመካከላቸው ካንሰር የሚያመጡ አሉ። እነሱን ለመጨረስ ውሃው ቀጥሎ ኦክስጅን ወዳለበት ኩሬ መግባት አለበት። ያንን ሁለተኛ ኩሬ የዘለለ ፋብሪካ መርዙን ደበቀው እንጂ አላጠፋውም።

ከዚህ የባሰም አለ። ትራይክሎሮኢትሊን ብረት ላይ ያለ ቅባት የሚያስለቅቅ ኬሚካል ነው። ሦስት ክሎሪን ተሸክሟል። አየር በሌለበት ባክቴሪያዎች ክሎሪኑን አንድ በአንድ ያወልቁታል። አንድ ክሎሪን ብቻ ሲቀረው ቪኒል ክሎራይድ ይባላል። ቪኒል ክሎራይድ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ነገር ነው። ብዙ ዝርያዎች ደግሞ ሥራቸውን ከዚያ በፊት ወይም እዚያ ላይ ያቆማሉ። ከድጡ ወደ ማጡ። የመጨረሻውን ክሎሪን አውልቀው ወደ ኢትሊን የሚያደርሱት በዋናነት ዲሃሎኮኮይድስ የተባሉ ባክቴሪያዎች ናቸው። ኢትሊን ፍራፍሬ የሚያበስለው ጋዝ ነው። እነሱ በሌሉበት ቦታ ከውጭ ማስገባት ዋጋ አለው ያልኩት ለዚህ ነው።

በደንብ የሄደ ምሳሌም ልስጣችሁ። የወርቅ ማዕድን ወርቁን ከድንጋዩ ለማውጣት ሳያናይድ የሚባል ገዳይ መርዝ ይጠቀማል። በአሜሪካ ደቡብ ዳኮታ የነበረው የሆምስቴክ ማዕድን እ.ኤ.አ. በ1984 ሳያናይድ ያለበትን ፍሳሽ በባክቴሪያ ማከም ጀመረ። ትላልቅ ዲስኮች ግማሽ ጎናቸው ውሃ ውስጥ፣ ግማሹ አየር ላይ ሆነው ቀስ እያሉ ይሽከረከራሉ። ዲስኩ ላይ የተለጠፈው የባክቴሪያ ሽፋን በየተራ ሳያናይድና አየር ያገኛል። ሳያናይዱ ሲፈርስ አሞኒያ ይወጣል። አሞኒያም ዓሣ ይገድላል። ስለዚህ ሥራው እዚያ አላቆመም። ቀጥለው ያሉት ዲስኮች ላይ ሌሎች ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትሬት ለወጡት። አሞኒያን ወደ ናይትሬት መለወጥ ራሱ ቀላል አይደለም፤ ለ1 ግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን 4.6 ግራም ገደማ ኦክስጅን ይበላል። ሰዎቹ ግን «ወደ ምን ተለወጠ?» የሚለውን ጥያቄ ሳይታክቱ ደጋግመው ጠይቀዋል።

የማይበሉት ነገር አለ?

አለ። ብረታ ብረት አይበላም። ክሮሚየም፣ እርሳስ፣ ካድሚየም ንጥረ ነገሮች ናቸው፤ የሚፈርስ ነገር የላቸውም። ባክቴሪያ ማድረግ የሚችለው ጠባያቸውን መለወጥ ነው። ክሮሚየም-6 በውሃ የሚሟሟና አደገኛ ነው። አንዳንድ ባክቴሪያዎች ወደ ክሮሚየም-3 ይለውጡታል። እሱ መርዛማነቱ ያነሰ ነው፣ ታችም ይዘቅጣል። ከውሃው ወጣ፤ ከምድር ግን አልወጣም።

ሌላው ፒፋስ የሚባለው የኬሚካል ቡድን ነው። ከማያጣብቅ መጥበሻ እስከ እሳት ማጥፊያ አረፋ ድረስ ይገባል። ካርቦንና ፍሎሪን የተያያዙበት ሰንሰለት ከሚታወቁት ጠንካሮች አንዱ ነው። ተራው የፍሳሽ ማጣሪያ አይነካውም። እንዲያውም ከፊል የሚበጠሱትን የፒፋስ ዘመዶች ባክቴሪያዎቹ ጫፍ ጫፋቸውን ይበሉና ጨርሶ ወደማይበጠሰው ዓይነት ይለውጧቸዋል። ከማጣሪያው የሚወጣው ውሃ ከገባው የበለጠ የተወሰኑ ፒፋሶችን ይዞ ሊገኝ የሚችለው ለዚህ ነው።

አንድ ፍሳሽ በባክቴሪያ ይጸዳ እንደሆነ አስቀድሞ መገመት ይቻላል። ሲኦዲ የሚባል ሌላ ልኬት አለ። ጠንካራ ኬሚካል ውሃው ውስጥ ያለውን ሊቃጠል የሚችል ነገር በሙሉ ማለት ይቻላል ያቃጥለዋል። ቢኦዲ ባክቴሪያ የሚችለው ነው፣ ሲኦዲ ከሞላ ጎደል ያለው ሁሉ። ቢኦዲው የሲኦዲውን ግማሽ ካለፈ ባክቴሪያ ይወጣዋል። ከሲሶው በታች ከሆነ ግን ወይ መርዝ አለ፣ ወይ የማይበላ ነገር በዝቷል። ያኔ ሌላ መላ ይፈለጋል።

ውሃው ይጠጣል?

አይጠጣም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ኬሚካል የሚበሉት ባክቴሪያዎች በሽታ የሚያመጡትን ሁሉ አይጠርጉም። ለዚያ የመጨረሻው ጥልቀት የሌለው ኩሬ፣ ፀሐዩና ጊዜው፣ ወይም ክሎሪን ያስፈልጋል። ከዚያም በኋላ ውሃው ወንዝ ውስጥ ለመለቀቅ ወይም ለመስኖ ይሆናል እንጂ ብርጭቆ ውስጥ የሚገባ አይደለም።

ዝቃጩስ? ወደ ገላ የተለወጠው ሁሉ፣ የዘቀጠው ክሮሚየም፣ ጭቃው ላይ የተጣበቀው ፒፋስ፣ መጨረሻው እዚያ ነው። ዝቃጩ ይደርቃል፣ በመኪና ይጫናል። አንዳንዱ ማሳ ላይ ማዳበሪያ ሆኖ ይበተናል፣ አንዳንዱ ይቀበራል፣ አንዳንዱ ይቃጠላል። ከቤት ብቻ የመጣ ፍሳሽ ዝቃጭና ከፋብሪካ የመጣ ዝቃጭ እኩል አይታዩም፤ ማሳ ላይ ከመበተኑ በፊት ብረቱ የሚለካው ለዚህ ነው። ስለ አንድ ኩሬ ጥሩ ነገር የሰማ ሰው ከውሃው ውጤት ቀጥሎ የዝቃጩን ውጤት ይጠይቅ።